ማስታወቂያው ሲመጣ ዳታ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ጸሐፊያችን ስታፍ ሩም በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝና "አንተ፣ ፐብሊሸር ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። እውነት ነው እትዬ አልኳት። ፐብሊሸር ማለት ሰርተፊኬትና መጥሪያ የመሳሰለውን ለህትመት የሚሰሩበት የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው። ዝም አለች። እሷ እኮ ከተቀጠረች ጀምሮ ሰርተፊኬቱን፣ የወላጅ ቀን መጥሪያውን፣ የምርቃት መጽሔቱን፣ የተማሪ መታወቂያውን ሁሉንም በፐብሊሸር ነው የሰራችው፣ ሌላው ሰው ዎርድ ላይ ሳጥን አልስተካከል ብሎት ሲሰቃይ እሷ አስር ደቂቃ ሳይሞላት ጨርሳ አትማ ትሰጣለች። "ታዲያ ያ ሁሉ ስራዬ የት ሊገባ ነው?" ስትለኝ ነው በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ያልኩት፣ ምክንያቱም እኔም ከአመት በፊት ይሄንኑ ጥያቄ ብቻዬን ስጠይቅ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ደብረ ማርቆስ ነው ማስተምረው፣ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ። ኮምፒውተር ነካ ነካ ስለማረግ የትምህርት ቤቱን የጉግል አካውንት አድሚንነት ለኔ ነው የሰጡኝ። በኮሮና ጊዜ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው የጀመርነው፣ ያኔ ተማሪው ሁሉ ስልክ ስላልነበረው ብዙም አልሰራም፣ ተማሪ ተመልሶ ከገባ በኋላ ግን ክላስሩሙም ድራይቩም ቀረልን፣ ኖት እዛ እንጭናለን፣ ቴስት በፎርም እንሰጣለን።

እኔን የያዘኝ ግን ጃምቦርድ ነበር። የማታውቁት ካላችሁ የጉግል ነጭ ሰሌዳ ነበር፣ ስክሪን ላይ እየጻፍክ፣ ስዕል እየለጠፍክ፣ ቢጫ ወረቀት የመሰሉ ስቲኪ ኖቶች እየጎተትክ ምትሰራበት። ባለ 55 ኢንቹ ትልቁ መሳሪያ እኛ ጋ አልደረሰም፣ አፑ ግን በነጻ ነበር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር በቂ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ቃሉን ይሸመድዱታል እንጂ ነገሩ አይገባቸውም፣ ስለዚህ የእንስሳ ሴል ስዬ፣ ስሞቹን በየስቲኪ ኖቱ ጽፌ፣ ከስር በአማርኛ ስራው ምን እንደሆነ አርጌ፣ ወረቀቶቹን ጥግ ላይ አከማችቼ "ኑ ቦታ ቦታቸው አስቀምጡ" እላቸው ነበር። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ ምትማር፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ አቤት ስትል ማይሰማ። አንድ ቀን ራሷ ተነስታ መጣች። ማውሱን ይዛ ሚቶኮንድሪያ የሚለውን ቀስ አርጋ ጎተተችና ቦታው ላይ ጣለችው፣ ከዛ አላመነችውም መሰለኝ መልሳ አንስታ ከስር ያለውን አማርኛ አነበበችና እዛው መለሰችው። ክፍሉ አጨበጨበላት። ከዛን ቀን በኋላ እጇን ታወጣ ጀመር። እኔ ጃምቦርድ ምለው ይሄን ነው፣ ሶፍትዌሩን አይደለም።

በሁለት አመት 43 ቦርድ ሰራሁ። ሴል፣ ፎቶሲንተሲስ፣ የደም ዝውውር፣ ምናምን፣ አንዳንዱን ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የሰራሁት።

እና በ2015 ክረምት ሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ ያ ጊዜ እንዴት እንደነበር የክልላችን ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ አልዘረዝረውም። ትምህርቱም ይከፈታል ይዘጋል፣ የትምህርት ቤቱ መስመርም አንድ ቀን ይሰራል ሶስት ቀን አይሰራም። ጃምቦርድ እንደሚዘጋ ጉግል ያሳወቀው ደግሞ በዛው በ2016 የመስቀል ሰሞን ነው፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024፣ ማለትም ከመስከረም 21 ቀን 2017 ጀምሮ ማየት ብቻ፣ ታህሳስ 22 ደግሞ ጭራሽ ያበቃል የሚል ነው። ካስተዋላችሁት ከአንድ አመት በላይ ጊዜ ተሰጥቷል፣ ድንገት ነጠቁን ማለት አልችልም። ግን ያ ማስታወቂያ የሚመጣው በኢሜል ነው፣ ኢሜል ደግሞ ኔት ይፈልጋል፣ እኔ ኔት ባገኘሁባት ግማሽ ሰአት የተማሪ ውጤት ነው ማስገባው እንጂ ከሶስት መቶ ኢሜል ስር የተቀበረ የእንግሊዝኛ ማሳሰቢያ አላነብም። ጥቅምት 2017 ላይ አዲስ ተማሪ ተቀብዬ የሴሉን ቦርድ ከፍቼ ልጆቹን "ኑ ጎትቱ" ስል ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። ማውሱ የተበላሸ መስሎኝ ቀየርኩት። "ቲቸር ኔትወርክ ነው" አለኝ አንዱ። ከላይ በኩል የተጻፈውን ሳነብ ነው የገባኝ።

ቀኑ ሳያልፍ 43ቱንም ፒዲኤፍ አርጌ አወረድኳቸው፣ ሶስት ምሽት ፈጀብኝ። አሉ አሁንም። ግን ፒዲኤፍ ስዕል ነው። ሚቶኮንድሪያ የሚለው ወረቀት ጥግ ላይ እንዳለ ቀርቷል፣ ማንም አንስቶ ቦታው ሊያስቀምጠው አይችልም። ሚሮ እና ፊግጃም ወደሚባሉት ሌሎች ሰሌዳዎች ማሸጋገርም ይቻል ነበር፣ እሱ ግን በጊዜ ለደረሰ፣ አዲስ ነገር ለመማር ኔትም ጊዜም ላለው ነው። በኋላ ራሴው ጎግል ስላይድ ላይ ስዕሉን ባክግራውንድ አርጌ፣ ስሞቹን ሚንቀሳቀሱ ሳጥኖች አርጌ እንደገና ሰራሁት፣ እስካሁን 11 ደርሻለሁ።

ከዛ ወዲህ ነው እነዚህ ነገሮች እንዴት እንደሚሄዱ መከታተል የጀመርኩት። ማይክሮሶፍት ለአድሚኖች ሜሴጅ ሴንተር የሚባል ሳጥን አለው፣ ጉግል ደግሞ ሚቀየረውን ሁሉ የሚጽፍበት ራሱን የቻለ ገጽ አለው። ሁለቱም ጋ መረጃው አለ፣ ተደብቆ አይደለም። ችግሩ የሚደርሰው ለአድሚን ነው፣ ቦርዱን ሰርቶ ያስተማረበት መምህር፣ ሰርተፊኬቱን የሰራችው ጸሐፊ አታየውም። በዛ ላይ እንግሊዝኛው የመስሪያ ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑም በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ለውጡ የሚገባው በነሱ ሰመር፣ በኛ ክረምት ነው። ለምሳሌ ለትምህርት ቤቶች ገደብ የሌለው የነበረው የጉግል ማስቀመጫ ለአንድ ተቋም በጋራ 100 ቴራባይት የሆነው በጁላይ 2022 ነው። 100 ቴራ ለኛ ሞልቶ የተረፈ ነው፣ እሱ አላስጨነቀኝም። ግን ጁላይ ሐምሌ ነው! ሐምሌ ላይ ጎጃም ዝናብ ነው፣ መብራት ይሄዳል፣ ግማሹ መምህር ለክረምት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ግማሹ ቤተሰብ ጋ ገጠር አረም ላይ ነው። መስከረም ላይ ስንመለስ የምናውቀው ቤት ውስጥ እቃው ቦታ ተቀያይሮ ይጠብቀናል።

ትንሽ ሚመስል ለውጥ እንኳ ቀን ያበላሻል። ጎግል ፎርም ድሮ ሰርተህ ሊንኩን ከላክ በቃ ነበር። አሁን ፐብሊሽ የሚል ቁልፍ መጥቷል፣ እሱን ካልነካህ አይከፈትም፣ በዛ ላይ ማን ይመልስ የሚለውን ራስህ መምረጥ አለብህ፣ የትምህርት ቤቱ አካውንት ያለው ብቻ ነው ወይስ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ የሚለውን። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ፈተና ሳይደርስ ተማሪ እጅ እንዳይገባ ይጠቅማል። እኔ ግን አላነበብኩም ነበርና ቴስት በሚጀመርበት ሰአት 50 ተማሪ ስልኩን ይዞ ፈቃድ ጠይቅ የሚል ገጽ ላይ ቆሟል፣ ግማሾቹ በወንድማቸው ጂሜል የገቡ ናቸው። አስር ደቂቃ የልጆቹን ጊዜ በላሁ፣ አስር ደቂቃ ደግሞ ከአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ብዙ ነው።

ሌላው እስካሁን የሚቆጨኝ የጂሜል ቀላሉ ገጽ ነው። ምስል የሌለው፣ ጽሁፍና ሊንክ ብቻ የሆነው፣ ኔት ሲደክም "በቀላሉ ክፈት" ብሎ ይመጣ የነበረው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ቀረ። ኢንተርኔት እንደ ውሃ በሚፈስበት አገር ላለ ሰው መቅረቱም አይታወቀው ይሆናል፣ እኛ ግን በዛች ገጽ ነው ስንት ደብዳቤ ያወጣነው። በኢንተርኔት መደወያው ስካይፕ ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ተዘጋ፣ በአርበኞች ቀን፣ እሱን እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ስላልነበር ብዙም አልተሰማም።

የዊንዶውስ 10 ነገር ግን ብዙ ሰው አስደንግጧል። ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ ኦፊስ 2016 እና 2019ም በዛው ቀን። ማታውን የሂሳብ መምህራችን፣ አንጋፋ ሰው ናቸው፣ ደውለው "ላብ ያሉት ማሽኖች ዛሬ ሌሊት ሊጠፉ ነው አሉ?" አሉኝ። አይ ጋሼ፣ ነገም እንደለመዱት ይከፍቷቸዋል፣ ይሰራሉ፣ የቀረው የደህንነት አፕዴት ነው አልኳቸው። አፕዴት መቅረቱ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የኛ ላብ ፍላሽ ከማሽን ማሽን የሚዞርበት ላብ ነው፣ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለውን የማያውቅ መምህር የለም። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳናልፍ ደሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ነው የሚቀበለው፣ የኛዎቹ አራተኛ ናቸው። ስለዚህ የፈተና ጥያቄና የተማሪ ውጤት ያለባቸውን ሁለቱን ማሽኖች ከሌሎቹ ለይተን የራሳቸው ፍላሽ ብቻ እንዲገባባቸው አርገናል፣ ለጊዜው ያለን አቅም ይሄው ነው።

አዲስ የሚመጣውን ሁሉ እየጠላሁ አይደለም። ጀሚናይ የሚባለውን የጉግል ኤአይ ክላስሩም ውስጥ በ2025 አጋማሽ ለትምህርት ቤቶች በነጻ ለቀውታል፣ የጥያቄ ረቂቅ በእንግሊዝኛ አሰርቼበት አይቻለሁ፣ ከአስሩ ስድስቱን አርሜ ተጠቀምኩበት፣ ሌሊት የማጠፋውን ጊዜ ቀንሶልኛል። ያለ ኔት ዶክመንት መክፈት የሚያስችለው የኦፍላይን አሰራርም ለኛ ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ቀድሞ ኔት እያለ ክሮም ላይ ማብራት ያስፈልጋል፣ ኔት ከሄደ በኋላ ማብራት አይቻልም። እባካችሁ ዛሬ አብሩት።

አሁን ማረገው እንዲህ ነው። የጉግል አድሚን ገጽ ላይ አዲስ ነገር እንደወጣ ወዲያው ይድረሰን ወይስ ቆየት ብሎ ይድረሰን የሚል ምርጫ አለ፣ ቆየት ብሎ የሚለውን አድርጌዋለሁ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሌላው ሲሞክረው አነባለሁ። በየአስራ አምስት ቀኑ አርብ አርብ ከሰአት ሁለቱን ገጾች አያለሁ፣ እኛን የሚነካ ካለ በአማርኛ በአንድ ገጽ፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ቀይሬ፣ ስታፍ ሩም ሰሌዳ ላይ በመርፌ ሰክቼ ቴሌግራም ግሩፑ ላይም እለጥፈዋለሁ። ወረቀቱ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ዳታ ቢሄድ እንኳ ሰሌዳው እዛው ነው፣ ሻይ ሊጠጣ የገባ ሁሉ ያየዋል። ለገናና ለሰኔ ደግሞ ድራይቭ ላይ ያለንን ጠቅላላ አውርደን በሁለት ሃርድ ዲስክ እናስቀምጣለን፣ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ነው።

የጸሐፊያችን ጉዳይ ግን ከኔ ቦርድ ይከብዳል። ፐብሊሸር የሚያበቃው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2026 ነው፣ በኛ የ2019 መግቢያ ላይ፣ ከዛ በኋላ በወር ወይ በአመት እየከፈለ ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም ሰው የፐብሊሸር ፋይሉን በፐብሊሸር መክፈት አይችልም፣ ድሮ ተገዝቶ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ደግሞ ድጋፍ ያጣል። የሚሰጠው ምክር ፒዲኤፍ አርጉትና ከዛ በዎርድ ክፈቱት ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሁፍ ይሆናል። የሷ የድሮ ሰርተፊኬቶች ግን በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው፣ ያ ፎንት ዩኒኮድ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር ሁሉ የሚያውቀውን የጋራ የፊደል ኮድ አይጠቀምም፣ ፒዲኤፉን ስታየው አማርኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በዎርድ ስትከፍተው ግን "የምስክር ወረቀት" የሚለው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል። ሰኞ አንዱን ሞክሬ አሳየኋት። ስክሪኑን ትንሽ አየችና "የተማሪዎቹ ስምስ?" ነበር ያለችው። ስሙም እንደዛው ነው።

ስለዚህ ወሰንን። ያለፈውን በሙሉ እንዳለ ፒዲኤፍ እናረገዋለን፣ የድሮ ተማሪ ምስክር ወረቀት ጠፋብኝ ብሎ ሲመጣ ማተሚያ እንዲሆን። ወደፊት የምንሰራበትን አምስት ፎርማት ብቻ፣ ሰርተፊኬቱን፣ መጥሪያውን፣ መታወቂያውን፣ የምስጋናውንና የመጽሔቱን ሽፋን፣ ዎርድ ላይ በኒያላ ፎንት ከዜሮ እንጽፈዋለን። ሳጥኑን እኔ አሰለፍላታለሁ፣ ጽሁፉን እሷ ትጽፋለች፣ ከኔ ይልቅ እጇ ይፈጥናል። ቅዳሜ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ የ2012ቱን ፎልደር ከፍተን እንጀምራለን፣ መብራት ካለ።