የመስቀል ወፍ

እናቴ በር ከፍታ እንዳየችኝ፣ ገና ሳንሳሳም «የመስቀል ወፍ መጣ!» አለች። ምን እላለሁ? ከአዲስ አበባ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ የምመጣው በዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮ ለህዳር ሚካኤል ደረስኩ።

በማግስቱ ሳይነጋ ወደ ውሃው ወረድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባይኖኩላሬ አሮጌ ነው፤ የግራ ዓይኑ ስለደበዘዘ እንደ አነጣጣሪ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማየው። ጉሙ ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ውሃው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ታየኝ። ዳክዬዎች! ሰላሳ ድረስ ቆጠርኩና ተደበላለቁብኝ።

የአፋቸው ጫፍ እንደ ማንኪያ ሰፊ ነው። አገራቸው አውሮፓና እስያ ነው፤ ውሃው በረዶ ሊሆንባቸው ሲል ተነስተው ይመጣሉ። ሲበሉ ደስ ይላሉ። ተሰብስበው፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ ክብ ይዞራሉ። ውሃውን ያማስሉና የተነሳውን ደቃቅ ነገር አፋቸው ዳር ባለው ወንፊት ያጠልሉታል። እናቴ ጠላ ስታጠልል እንኳ እንዲህ አትጠነቀቅም።

ልቤን የወሰደችው ግን ሌላ ናት። ከብቶቹ እግር ስር የምትሮጥ፣ ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ሚጢጢ ወፍ። ከብቱ ሲራመድ የሚያስነሳውን ዝንብ ትለቅማለች። 20 ግራም እንኳ አትሞላም። እሷ በረሃና ባሕር አቋርጣ መጥታ ትሮጣለች፤ እኔ በአውቶቡስ መጥቼ ወገቤን እላለሁ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አለኝ እረኛው።
«ወፍ እያየሁ ነው።»
«ወፍ አይተህ አታውቅም?»

ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። ወፎቹን ትቶ ማዶ ያለውን ቤታቸውን ሲፈልግ ቆየ።

ቁርስ ላይ እናቴን ላርማት ሞከርኩ። የመስቀል ወፍ እኮ የትም አይሄድም አልኳት። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ወንዱ በመራቢያው ወቅት ያጌጠ ላባ ያወጣል፤ ከመስቀል በኋላ ያንን አራግፎ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል። አጠገባችን እያለ አናውቀውም።

«ሐይቁ ላይ ያሉትስ?» አለች ቡናውን እየቀዳች።
«እነሱ እንግዶች ናቸው። እስከ መጋቢት ቆይተው ይመለሳሉ።»
«አራት ወር! ታዲያ ካንተ አይሻሉም? አንተ መቼ ነው የምትሄደው?»
«ሰኞ።»