የቮልሷን ሞተር ስፈታ ማንም ያልነገረኝ

ይህን የምጽፈው ቮልስ ያለው ሰው ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት እንዲያነበው ነው። እኔ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው «የቴስታታውን ዳዶ በክንድህ ግምት አታጥብቅ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አራት ወርና ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። ቴስታታ ሲሊንደሮቹን የሚከድነው የሞተሩ ክፍል ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። በፈረንጆች የ1968 ሞዴል፣ 1300 ሞተር። እሱ በ1966 ዓ.ም. አሮጌ ሆና ገዝቷት፣ አምስታችንንም ትምህርት ቤት ያመላለሰባት እሷ ናት። ካረፈ በኋላ ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ለብዙ ጊዜ ቆመች። ሳስነሳት ከሥሯ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት የላትም።

ሦስት መካኒኮች አይተዋት ሦስቱም «ሞተሯ አልቋል፣ ሽጣት» አሉኝ። አንደኛው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን ግፊት፣ ለክቶ ቁጥሩን ከጥገና መጽሐፉ ጋር አስተያየና «አራቱም ሞተዋል» ብሎ ፈረደ። ይህ ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ስህተት ደህና ሞተር ጥሏል። የመጽሐፉ ቁጥር በባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ሲለካ ዝቅ ብሎ ይታያል። መጽሐፉን ትተህ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አስተያያቸው። የእኔ ሦስቱ ከ88 እስከ 92 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ነበሩ፣ 3ኛው ግን 55። የታመመው አንዱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

3ኛው መሆኑ ደግሞ አያስገርምም። በእነዚህ ዓመታት ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር በሚወርድበት መንገድ ላይ ስለሆነ እሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ስፈታው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ፣ አንደኛው የፒስተን ፋሻም ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት።

ሞተሩን ማውረድ ቀላል ነው። የባትሪውን ገመድ ፍታ፣ የቤንዚኑን ጎማ ዝጋ፣ የጋዙን ኬብል አላቅ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዙትን አራት ብሎኖች አውጣ፣ ክሪክ ሥሩ አስገብተህ ወደ ኋላ ሳበው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

መለዋወጫውን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። አራት ፒስተንና ሲሊንደር፣ 77 ሚሊ ሜትር፣ ቫልቮች፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሙሉ የጋስኬት ስብስብ። ስለ ጋስኬቱ አንድ ነገር ልበል፦ ርካሹን አትግዛ። ከቮላኖው (በሞተሩ ጫፍ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጀርባ የሚገባው ትልቁ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት፣ ርካሽ ከሆነ እሱን ብቻ ለመቀየር ሞተሩን እንደገና ማውረድ ይኖርብሃል። ሲሉን በጣትህ ጠምዘዝ አድርገው፤ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ መልሰው። ሲሊኮን በየቦታው መቀባትንም ተው። ጋራዦቻችን ውስጥ ትርፍ ሲሊኮን የጥንቃቄ ምልክት ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ከዘይት ማጥለያው ወንፊት ላይ የቀድሞ መካኒክ ቀብቶት የተላጠ ቀይ ሲሊኮን አንድ ጭብጥ ሙሉ አውጥቻለሁ። ያ ሞተር በግማሽ ጉሮሮ ሲተነፍስ ነበር የኖረው።

የፑሽሮድ ቱቦዎቹ፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው፣ ጫፋቸው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ነው። ከመግባታቸው በፊት በእጅ ተስበው ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር እንዲረዝሙ ይደረጋል፣ የብየዳ መስመራቸውም ወደ ላይ ይዞራል። ይህን ያልሠራ ሰው በሳምንቱ ዘይት ያፈሳል።

አሁን ወደ ቴስታታው ልምጣ።

በዚህ ሞተር ላይ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ጋስኬት የለም። ብረት ከብረት ጋር ተጋጥሞ ነው የሚዘጋው። አጥብቀው የሚይዙት በየጎኑ ስምንት ስምንት ሆነው ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ውስጥ የተተከሉ ረጃጅም ስታዶች፣ ማለትም ራስ የሌላቸው ብሎኖች ናቸው። ብሎኩ ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ ከስታዱ ብረት ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ። መጽሐፉ ዳዶዎቹን በቅደም ተከተል መጀመሪያ በ10፣ ከዚያ በ32 ኒውተን ሜትር አጥብቅ ይላል። 32 ኒውተን ሜትር ትንሽ ነው፤ ክንድህ «ገና ነው» የሚልበት ቦታ ላይ ያልቃል።

ቶርክ ሬንች፣ የጥብቀቱን ልክ የሚለካ ቁልፍ፣ አልነበረኝም። የሚያውቁኝ የጋራዥ ሰው ለመርዳት ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። «ጋሼ፣ የሚለካ ቁልፍ ፈልገን ብናመጣ አይሻልም?» አልኳቸው። «አርባ ዓመት በዚህ እጅ ነው የለካሁት፣ ልጄ» አሉኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው፤ መጽሐፉ ከጎኔ ተከፍቶ ነበር፣ ቁጥሩንም አንብቤዋለሁ።

ሰባቱ ዳዶዎች ገቡ። ስምንተኛውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ትንሽ ጨምርበት፣ ዘይት እንዳያፈስ» አሉኝና ጨመርኩ። ቁልፉ መጀመሪያ ታገለኝ፣ ከዚያ ድንገት ለሰለሰ። ዳዶው ይዞራል፣ ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ ሊጥ ውስጥ የተተከለ እንጨት እንደማዞር ነበር። እሳቸውም ገባቸው፣ እኔም ገባኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ቴስታታውን መልሰን አውርደን ስታዱን በጣቴ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጥርሱ ላይ ግራጫ ቀጭን ሽቦ የመሰለ ነገር ተጠምጥሞበታል። ሽቦ አይደለም፤ ተላጦ የወጣ የብሎኩ ጥርስ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። «በብረት ሙጫ ይያዛል፣ ስንቱን ሠርቼበታለሁ» አሉኝ፤ ተስማማሁ። ቀዳዳውን አጥበን፣ ስታዱን ሙጫ ቀብተን ተከልነው፣ ሁለት ቀን አድርቀን ገጠምን። መኪናዋ ተነሳች፣ ድምጿም አማረ፣ እናቴ እልል አለች። በአስራ አንደኛው ቀን ወደ ሱሉልታ ስወጣ እንጦጦ ዳገት ላይ ከኋላ «ጭፍ፣ ጭፍ» የሚል ድምፅ መጣ። ሙጫው ሙቀቱን አልቻለም። ስታዱ ላላ፣ የሚነድደው ጋዝም በክፍተቱ እየወጣ የቴስታታውን መቀመጫ ቦረቦረው። አንድ ስታድ የነበረው ጥፋት አሁን ስታድና ቴስታታ ሆነ።

ሰው ሁሉ «ሌላ ብሎክ ግዛ» አለኝ። ደህና ብሎክ ሶማሌ ተራ ተገኝቶም ነበር። ግን የሞተሩ ቁጥር የተመታው ብሎኩ ላይ ነው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈውም ያው ቁጥር ነው። ብሎክ መቀየር የሞተር ቁጥር መቀየር ማለት ነውና ለመጠየቅ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ማመልከቻ ጽፈህ ና ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ማመልከቻውን የሚቀበለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ብሎኩ አገር የገባበትን ሰነድ አምጣ ተባልኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ብረት የገባበትን ሰነድ ማን ያስቀምጣል? በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ ፊቴን እንኳ ሳታይ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ፤ ዛሬ ግን ብሎኩን ባለመቀየሬ ደስ ይለኛል፣ አባቴ የነዳው ሞተር እሱ ነውና።

መፍትሔው ብሎኩን በብረት ጥርስ ማልበስ ነው። ውጩ 14፣ ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቀለበት ብሎኩ ውስጥ ይቀበራል፣ ስታዱም እሱ ላይ ይታሰራል። ፋብሪካው ራሱ በኋለኞቹ ሞተሮች ላይ ቀጠን ያሉ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ስታዶችን ከብረት ማልበሻ ጋር ማስገባት ጀምሯል፤ ችግሩን ያውቀው ነበር ማለት ነው። ቀለበቶቹን እዚህ ፈልጌ አጣሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ አስራ ስድስቱን ገዝታ በመንገደኛ ላከችልኝ። ሁሉም አንድ መዳፍ ውስጥ ይገባሉ።

«የተበላውን አንዱን ብቻ አልብስ» የሚል ሰው አትስማ። አንዱ ከወጣ የቀሩት አስራ አምስቱም ያው ዕድሜ፣ ያው ድካም አላቸው። ብሎኩን ሳትፈታ በእጅ ድሪል ቦርቡር የሚልህንም አትስማ፤ ቀዳዳው ይጣመማል፣ ብናኙም ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ብሎኩን ለሁለት ከፈልኩና ወደ አንድ ሽማግሌ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ልቤን አሳረፈው፦ ከማሽኑ ጎን አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አስቀመጡ። የማግኒዚየም ብናኝ እሳት ከያዘ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ብሎኩን ፍሬዛው (መቦርቦሪያ ማሽኑ) ላይ አስረው፣ ሰዓት በሚመስል መለኪያ ቀጥ ማለቱን አይተው፣ አስራ ስድስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ከፈቱ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አየኋቸው። የተቦረቦረውንም ቴስታታ እሳቸው አስተካከሉልኝ።

ብሎኩ ከተከፈተ አይቀር ዋና ኩሽኔታዎቹንም ቀየርኩ። የክራንክ ሻፍቱን የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መካከል አስገባሁት፤ ከቮላኖው ጀርባ ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶች ሁልጊዜ ሦስት ይሁኑ። የቫልቭ ክፍተት ላይ ግን ከሞተሩ አሮጌ ተለጣፊ ወረቀት ጋር አልተስማማሁም። ወረቀቱ 0.10 ሚሊ ሜትር ይላል፣ እኔ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 አደረግሁ። ፋብሪካው ራሱ በኋላ ወደ 0.15 ቀይሮታል። ትንሽ ድምፅ ይሰማል፣ ይሰማ፤ የጠበበ ቫልቭ ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል። ዘይቱንም መጽሐፉ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይላል፣ እኔ በ2,500 እቀይራለሁ። የያዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ከወንፊቱ ሌላ ማጣሪያም የለውም።

በሁለተኛው ግጥሚያ ቶርክ ሬንች ገዛሁ። ዋጋው ከሙጫውና ከተበላሸው ቴስታታ ያንሳል። እያንዳንዱ ዳዶ 32 ላይ «ቀጭ» ሲል ነጭ ቀለም ነጥብ አደረግሁበት። አስራ ስድስት ነጥቦች፤ ከሥር ገብቼ በባትሪ መብራት ሳያቸው አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

እስካሁን 2,600 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። 3ኛው ሲሊንደር 86 ፒኤስአይ ነው። ከቫልቭ ሽፋኑ ግራ ጎን አሁንም በሳምንት አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ትጥላለች፣ የቡሽ ጋስኬቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ እቀይረዋለሁ። ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ያ ዳገት ጋ ስንደርስ መስኮቱን አውርጄ ጆሮዬን ወደ ኋላ ሰጠሁ። እናቴ «ምን ታዳምጣለህ?» አለችኝ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።