ሦስተኛው ዴክ

ዛሬም የዲስክ ማጫወቻው ዴክ «ኖ ዲስክ» ብሎ ቁጭ አለ። በሁለት ዓመት ሦስተኛው መሆኑ ነው። እማዬ የእህቴን ሠርግ ልታይ ቡና አፍልታ ጠብቃለች። በዝናብ ተሸክሜው ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያለ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ልጁ ክዳኑን ፈታና ዲስኩን የሚያነበውን ሌንስ በጥጥና በአልኮል ጠረገው። ወይ ፍንክች! ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ (ለዴኩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ላይ ያለች አንዲት ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ አሳየኝ። አናቷ እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

«ሰው ሁሉ ሌንሱን ይከሳል፤ ያንተን የገደለችው ይቺ ናት» አለኝ።

ካፓሲተር ሙቀት ያደርቀዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቮልቴጁ ይዘላል። እኛ ደግሞ ሳንነቅለው እንተኛለን። በዚያ ላይ ዴኩን ዳንቴል አልብሰነዋል፤ መተንፈሻው ሁሉ ተደፍኗል (እማዬ እንዳትሰማኝ)። ልጁ በአዲስ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቀየራት፤ ዴኩ ተነሳ።

ማታ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ምስሉ ቆመ። ለካ ዲስኩም ተጫጭሯል።