ስፓይን የት እንጠቀም?

ካዛንቺስ አካባቢ ጃቫ የሚጽፉ ልጆች ሲገናኙ አንድ ክርክር አይጠፋም፤ በቴስት (ኮድን በሚፈትን ኮድ) ውስጥ ስፓይ፣ ማለትም ከፊል ሥራው ብቻ በተዘጋጀ መልስ የሚተካ ኦብጀክት፣ መጠቀም ነውር ነው ወይስ አይደለም? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ቦታውን ማወቅ ግን የግድ ነው።

ሞኪቶ በሚባለው የጃቫ መፈተኛ ላይብረሪ የተሠራ ሞክ (የእውነተኛውን ኦብጀክት ቦታ የሚይዝ አስመሳይ) ባዶ ነው። ምን እንደሚመልስ ያላዘዛችሁትን ሜተድ (ኦብጀክቱ የሚሠራውን አንድ ሥራ) ብትጠሩት እንደ ዜሮ፣ ፎልስ ወይም ነል (ምንም) ያለ ባዶ መልስ ይመልስላችኋል። ስፓይ ግን የእውነተኛው ኦብጀክት ቅጂ ነው። ያልነካችሁት ሜተድ እውነተኛውን ኮድ ያስኬዳል፤ የነካችሁት ብቻ ያዘዛችሁትን ይመልሳል።

በዶላር ለተተመነ ዕቃ የብር ደረሰኝ የሚያወጣ ክላስ አለን እንበል። አንዱ ሜተድ የዕለቱን ምንዛሬ በኔትወርክ ከባንክ ያመጣል። ሌላው ያባዛና 15 በመቶ ቫት ይጨምራል። መፈተን የፈለግነው ስሌቱን ነው፤ ስለዚህ ምንዛሬውን በስፓይ 100 ላይ እንቆልፈዋለን። 10 ዶላር 1,000 ብር ነው፣ ከነቫቱ 1,150 መምጣት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ይሄን ሲጽፍ ነው። እንደለመደው ዌን (when) ብሎ ቅንፉ ውስጥ የስፓዩን ሜተድ ይጠራና ዘንሪተርን (thenReturn) 100 ይላል። ጃቫ ደግሞ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ነው ቀድሞ የሚያስኬደው፤ 100 የሚለው ትእዛዝ ሳይደርስ እውነተኛው ሜተድ ባንኩ ጋ ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው። ኔት እስካለ ቴስቱ አረንጓዴ ስለሆነ (ስለሚያልፍ) ማንም ልብ አይለውም። ኔት የጠፋ ቀን ግን ቀይ ይሆናል (ይወድቃል)፣ ቢሮው ሁሉ ምንም ያልሆነውን ስሌት ሲበረብር ይውላል። ስለዚህ ገልብጣችሁ ጻፉት። መጀመሪያ ዱሪተርን (doReturn) 100፣ ቀጥሎ ዌን ብላችሁ ቅንፉ ውስጥ ስፓዩን ብቻ፣ የሜተዱ ጥሪ ከቅንፉ ውጭ። እንዲህ ሲሆን እውነተኛው ኮድ አይጠራም።

ቅጂ ነው ያልኩትንም አትርሱ፤ ስፓዩ ከተፈጠረ በኋላ ዋናውን ኦብጀክት ብትቀይሩት ስፓዩ አያየውም። ፕራይቬት ሜተድን (ከክላሱ ውጭ የማይጠራውን) ሞኪቶ አይተካም። ፋይናል ሜተድ (ክላሱን የሚወርስ ሌላ ክላስ ሊቀይረው የማይችል) ድሮ አስቸጋሪ ነበር፣ በ2023 ከወጣው ሞኪቶ 5 ወዲህ ግን ያለ ተጨማሪ ሴቲንግ ይሠራል።

እኔን የሚያናድደኝ ስሌቱን ራሱን በስፓይ የሚተካ ቴስት ነው። ራሳችሁ ያስገባችሁትን 1,150 መልሳችሁ አይታችሁ አለፈ ማለት ምን ይባላል? ቫቱ ቢሳሳት ማን ሊነግራችሁ ነው? ስፓይ የሚገባው ወደ ውጭ የሚወጣው በር ላይ ነው፤ ኔትወርክ፣ ሰዓት፣ ፋይል።

በተለይ ቴስት የሚባል ነገር የሌለው አሮጌ ኮድ እጃችሁ ሲገባ ስፓይ ትልቅ ውለታ ይውላል። ክላሱን ሳትነኩ ስሌቱን በቴስት ታስሩታላችሁ። ከዚያ ተረጋግታችሁ ምንዛሬ የሚያመጣውን ሥራ ለብቻው ኢንተርፌስ (የሥራውን ስም ብቻ የሚይዝ ውል) አድርጋችሁ በኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚጠራው ኮድ) ታስገቡታላችሁ። ያኔ ለምንዛሬው ተራ ሞክ ይበቃል፣ የደረሰኙ ክላስም ሙሉ በሙሉ በእውነተኛ ኮዱ ይፈተናል።