ሦስት ሲኒ

ዛሬ ጠዋት ለቡና ቤቴ ጥሬ ቡና ልገዛ በአጋሮ መውጫ ወዳለ አንድ መጋዘን ጎራ አልኩ። ባለቤቱን ሁላችንም ሃጂ ነው የምንላቸው።

ሴቶቹ ቡናውን ከፊታቸው ዘርግተው ይለቅማሉ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን በጣታቸው እየነጠሉ። ሥራው ዓይን ያደክማል። ወገቡማ አይወራም። ጀበናው ሲደርስ ሃጂ ራሳቸው ሲኒ ያቀብላሉ። «ልጄ፣ እግርሽ ተሻለሽ?» ይላሉ። አንዷ ከአራስ ቤት የተመለሰች ናት። ከወለደች በኋላ ሕጉ የሚለውን 90 ቀን ከነደመወዟ ሰጥተዋት፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍም ቤቷ ልከውላታል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ ለሁላችንም አንድ ነው እኮ። ስንቱ ይፈጽመዋል?

«አያከስርዎትም?» አልኳቸው። ሳቁ።

«እኔ እያንዳንዷን ፍሬ ቆሜ ማየት አልችልም። ጥቁሯን የምታወጣው የለቃሚዋ ጣት ናት። ቅር ባላት ቀን ጥቁሯ ታልፋለች። ቡናዬ ደረጃው ይወርዳል፣ ዋጋውም አብሮ።»

እኔስ? እውነቱን ልናገር። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሲኒ የሰበረችብኝን አስተናጋጅ ከደመወዟ ቆርጬባታለሁ። ደንበኛ ፊትም ጮኼባታለሁ። ከዚያ ወዲህ ማኪያቶው ለምን ቀዝቅዞ ጠረጴዛ ላይ እንደሚደርስ አሁን ገባኝ። (እኔ ደግሞ ለማሽኑ ጠጋኝ ጠርቼለት ነበር!)

ከሰዓት የቆረጥኩትን መለስኩላት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ብሩን ቆጠረች። አየት አደረገችኝና፣

«ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ።