«ሸራው ገና ነው» የተባለው የኋላ ፍሬን

አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጋራዣችን ገባ። የኋላ ፍሬኑ የታምቡር ነው፤ ሸራ የምንለው መፋተጊያ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ከውስጥ ገፍቶ ያቆመዋል። ባለቤቱ አላበዛም፤ «ስረግጠው ይይዛል፣ ግን ቶሎ አይለቅም» አለ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ጎንበስ ብሎ ውጭ ያለችውን፣ የሸራውን ማለቅ የምታሳየውን ቀስት አየ። የማለቂያው ምልክት ጋ አልደረሰችም። «ጋሼ፣ ሸራው ገና ነው፤ የፍሬኑን ማስተካከያ ዳዶ ትንሽ ላላ ላድርገውና ይሂድ» አለኝ።

ጎማው ይውጣ አልኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቀስቷንም በትክክል ነው ያነበባት። ግን ፍሬን አይለቅም ከተባለ ጉዳዩ የሸራ ውፍረት ብቻ አይደለም፣ በተለይ ሞተሩ አሮጌ ሲሆንና ከኛ በፊት ስንት እጅ እንደነካው በማይታወቅበት ጊዜ።

ጎማው እንደወጣ ልጁ በኮምፕሬሰር ሊነፋው ሲል እጁን ያዝኩት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው፣ ጨርቁንም ላስቲክ ውስጥ ቋጥረን ጣልነው። ይህቺን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ሸራውን ለካነው። ለብዙ ሞተሮች መቀየሪያው ልክ 2 ሚሊሜትር ነው፣ ይሄ ትንሽ ከፍ ይላል። በቁጥር ከሄድን ያልፋል። ግን ጠርዙን በጥፍሬ ስነካው ተነሳ! ሸራው የአሉሚኒየም መያዣው ላይ የተለጠፈው በማጣበቂያ ነው፤ የዓመታት ሙቀትና እርጥበት ማጣበቂያውን ይበላዋል። እየተነዳ ሙሉ በሙሉ ቢላቀቅ ታምቡሩ ውስጥ ይወተፍና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ልጁ ሸራውን እያገላበጠ ዝም ብሎ አየው።

ቀስቷስ? የዚህ ሞተር ቀስት ያለችው ሌቫው (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሳበው ብረት) ላይ ነው፣ ሌቫው ደግሞ ሸራዎቹን ገፍቶ የሚከፍተው ካም ጥርስ ላይ ይገባል። ካሙ ጫፍ ላይ ያለው ነጥብና ሌቫው ላይ ያለው ነጥብ መገጣጠም ነበረባቸው፤ አልገጠሙም። የሆነ ሰው የቲራንቲው (ፔዳሉን ከሌቫው የሚያገናኘው ዘንግ) ማስተካከያ ሲያልቅበት ሌቫውን አውልቆ አንድ ጥርስ አዙሮ መልሶታል። ከዚያ ወዲያ ቀስቷን ማመን አይቻልም። እኔ ይሄን ሥራ አልወደውም፤ ለቀጣዩ መካኒክም ለነጂውም ወጥመድ ነው።

ካሙ ደርቆ ዝጓል። አይለቅም ያሰኘው እሱ ነው። አወጣነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳነው፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ስስ አድርገን ቀባነው። ስስ የምለው ሲበዛ ሞቆ ሸራው ላይ ስለሚፈስ ነው። የታምቡሩን የውስጥ ስፋትም ለካን፣ እላዩ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ልክ አላለፈም። አዲስ ሸራ ከነሞላው ገባ፣ ሌቫውም ነጥብ ለነጥብ።

ጎማው ሲመለስ የፐርኖውን (የጎማውን መሀል ዘንግ) ዳዶ ከማጥበቅህ በፊት ፔዳሉን ርገጠውና እንደተረገጠ አጥብቅ አልኩት፤ ሸራዎቹ መሀል የሚይዙት ያኔ ነው። የፍሬኑን ሳህን (ሸራዎቹ የተቀመጡበትን ክዳን) የሚይዘው ክንድ ኮፒሊያው (ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ) አርጅቶ ስለነበር በአዲስ ተካነው። ክንዱ ከለቀቀ ሳህኑ አብሮ ይዞራል። ካቴናውን አስተካከልን፣ ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር እንዲሄድ አደረግን፣ የፍሬን መብራቱም በሰዓቱ መብራቱን አየን።

ባለቤቱን የተነሳውን ሸራ አሳየነው። አዲሱ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ አያያዙ ደከም እንደሚል፣ ለጊዜው ርቀት ጠብቆ እንዲነዳ ነገርነው። የፊቱንም ክፈቱልኝ አለ፤ እሱን ለማግስቱ ቀጠርነው።