ከጣና ዳር፦ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሐሳቤ ቀድሞ የሚሄደው ጣና ዳር ወዳሉት ወደ ፎገራና ደምቢያ ነው። ለእኛ ለባሕር ዳሮች የክረምቱ ማለቂያ የበዓል ሸመታ ነው፤ ለእነሱ ግን ርብና ጉማራ ወንዞች ሰብረው የሚወጡበት፣ ጣናም ሞልቶ ማሳ የሚያለብስበት ጊዜ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ብዙ ነው፤ የተፈጥሮ መውጫው ግን እዚህ እኛው ዘንድ ያለው አባይ ብቻ ነው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን እንዴት እንዳደረጋቸው ያየ ሰው አይረሳውም።

ውኃው ሲጎድል ጅጊ (ደቦ) ይጠራል። ወንዶቹ የዘመመውን ግድግዳ ያቀናሉ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ያቦካሉ። ሴቶቹ የረጠበውን እህል ጅባ ላይ አስጥተው፣ የሻገተውን ከደህናው በእጃቸው ይለቅማሉ። ጎታው የፈረሰበት ካልፈረሰበት ይበደራል፤ ወረቀት የለ፣ ወለድ የለ። የመሬቱ እርጥበት ሳያልቅ ደግሞ ሽምብራና ጓያ ይዘራል።

የጣና ቅርስ ሲነሳ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ይጠራሉ። ይገባቸዋልም፤ ብራናውን ለዘመናት ጠብቀው ላቆዩልን መነኮሳት ምስጋና ይድረሳቸው። እኔ ግን ይህ ጅጊ ከእነሱ እኩል እንዲጠራ እፈልጋለሁ። ታንኳም እንዲሁ። ደንገል የተባለውን የሐይቅ ዳር ተክል አጭደው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ጠፍረው የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ለዘመናት ስንንቃቸው የኖርናቸው። ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ መልስ ዳር አውጥተው፣ አቁመው ያደርቁታል። ትልቅ ጀልባ በማይገባበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሰውም ጭነትም ያሻግራል። ጎርፍ በማያጣው አገር ይህ እውቀት ቢጠፋ የሚጎዳው ሁላችንንም ነው። ደንገሉ ግን እየተመናመነ ነው፤ የእምቦጭ አረሙም አልለቀቀንም። ዳሩን እያረሱ ደንገሉን መጨረስ ይብቃ እላለሁ፤ የቀረው ይከለል፣ ሠሪዎቹም ሲወሰን ይጠየቁ።

ለበዓሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወረታ፣ ሊቦ ወይም ደምቢያ ዘመድ ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ማሳው በውኃ የተወሰደበት ካለ፣ ከዶሮውና ከበጉ ላይ ቀንሳችሁ ለሽምብራ ዘር የሚሆነውን ላኩለት። መሬቱ ሳይደርቅ ይድረስለት።

መልካም አዲስ ዓመት!